ከየኔታ ማዶ

ተራራ የሌለው አገር ይኖራል፤ ወንዝ የሌለውም ይኖራል። ዳዊት የደገመ ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር ግን ፈልጎ ያገኘ የለም። ይህ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል፤ የወሬው መነሻ ዝናብም ይሁን የጤፍ መወደድ፣ መድረሻው የቄስ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ሰው ከተሾመ በልጅነቱ ዳዊት ስለደገመ ነው። ከተሻረ ደግሞ ዳዊቱን ሳይጨርስ ስላቋረጠ ነው። ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ ፍጡር እስካሁን አልተወለደም።

የሸማ ተራው ጋሼ ኃይለመለኮት ይባላሉ። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ቀሚስ ላይ ጥለት ይገጥማሉ፣ የተተረተረ ጠርዝ ይዘመዝማሉ። ማዕረጋቸው ግን ከስፌት መኪናቸው በእጅጉ ይበልጣል። ተራው በሙሉ «ሊቀ ሊቃውንት» ይላቸዋል። ሲያከብራቸውም ሲያሾፍባቸውም በዚሁ ስም ነው፤ እሳቸውም ሁለቱን አይለዩም፣ ወይም ለመለየት አይቸኩሉም።

ከመኪናቸው ፊት ለፊት የሻሽወርቅ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። ከሁለተኛ ክፍል ወጥታ ገበያ የገባች ሴት ናት፤ ደብዳቤ ሲመጣላት ሰው ለምና ታስነብባለች፤ አንባቢው በመሃል ሲስቅ «ምን ይላል? ምን ይላል?» ብላ መጠየቋ ሁልጊዜ ያንገበግባታል። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ኢየሩስ። የየሻሽወርቅ ጸሎትም አንድ ነበር፦ ይህቺ ልጅ ለማንበብ ሰው እንዳትለምን።

ኢየሩስ አራት ዓመት ሲሞላት የት ትግባ የሚለው ጥያቄ መጣ፤ የየሻሽወርቅም ሰላም ሄደ። ታናሽ እህቷ ሳምራዊት ቀበሌ ጸሐፊ ስለሆነች በቤተሰቡ የዘመናዊነት ቃል አቀባይ ነበረች።

«ኬጂ ነው የምታስገቢያት፤ አለቀ» አለች አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ። «ልጅ በጨዋታ ነው የሚማረው። ሽምደዳ ጭንቅላት ያደነዝዛል። ጥናት ተጠንቷል።»

ከወዲያ ማዶ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«ጥናቱን ያጠናው ሰውዬ የት ተማረ?» አሉ ጋሼ ኃይለመለኮት።

«ውጭ አገር መሰለኝ።»

«ከዚያ በፊት!»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ?»

«እንግዲህ! ዳዊት ደግሞ ነው። መሠረቱ ዳዊት ነው!» ብለው መኪናቸውን ቀጠሉ። ጋሼ ኃይለመለኮትን መርታት ጉም እንደመዝገን ነው።

ያኔ በየሁለተኛ ደረጃው ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርት ከሳጥን ውስጥ መውጣት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ወላጅ ሁሉ ግማሹ ተደነቀ፣ ግማሹ ተደናገጠ። ሊቀ ሊቃውንት ግን በአንድ ጥያቄ ዘጉት፦ «ፕላዝማ ይቆነጥጣል?» አይቆነጥጥም። «እንግዲያው አያስተምርም።»

የሻሽወርቅ ገለልተኛ ሰው ፍለጋ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ክር ሻጩ ጃፋር ሄደች። ሙስሊም ስለሆነ ለዳዊት አያደላም ብላ ነው።

«እኔ የቀራሁት ቁርዓን ነው፤ ስለ ዳዊት አትጠይቂኝ» አላት ጃፋር። «ግን ሽማግሌው ልክ ናቸው። ልጅ በትንሽነቱ በቃሉ የያዘውን አይለቅም። እኔ የጨው ዋጋ እረሳለሁ፣ እሱን ግን አልረሳም።»

«ያው ነው! መሠረት ነው!» አሉ ጋሼ ኃይለመለኮት ካሉበት። ሁለቱ ሰዎች በኳስም በዝናብም ተስማምተው አያውቁም፤ በየሻሽወርቅ ልጅ ላይ ግን አንድ ሆኑባት።

የሁለቱ ዋና ጠብ ጋዜጣ ነበር። ጃፋር ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ይገዛና የክር ካርቶን ላይ ዘርግቶ ያነባል። ጋሼ ኃይለመለኮት በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ፊት ለፊቱ ቁጭ ይላሉ፤ ከዚያ ጃፋር ገና ርዕሱን ሳይጨርስ ከማዶ ሆነው ሙሉውን ዜና ጮክ ብለው ያወርዱታል።

«ጋሼ፣ የራስዎን አይገዙም?»

«የአንድ ሰው ጋዜጣ ለሁለት ሊቅ ይበቃል።»

አንድ ቀን የሻሽወርቅ ራሷ ሰው የረሳውን ጋዜጣ ብትሰጣቸው «መነጽሬን አልያዝኩም» ብለው መለሱላት። ተራው ነገሩን ቋጣሪነት ብሎ ደመደመው፤ ቋጣሪ ሊቅ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም።

ግራ የገባው ሰው ሰው ይጠይቃል፤ የሻሽወርቅም መጠየቅ ጀመረች። መጀመሪያ ጅምላ አከፋፋዩን አቶ ሀብተ ወልድን አገኘች፤ ሰውየው በተራው ከታወቁት ሀብታሞች አንዱ ናቸው። «ዳዊት? ደግሜያለሁ እንጂ! እንዲያውም ሁለቴ» አሏት። ደስ አላት። በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ዕቃ ልታወርድ ሄዳ ተሸካሚውን ጓንጉልን ጠየቀችው። እሱም ዳዊት ደግሟል፤ ከቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሶ ነው የተመለሰው። ደስታዋ ጠፋ።

«ምን ጠቀመህ ታዲያ?» አለችው።

ጓንጉል ጆንያውን አስተካክሎ አሰበ። «ጀርባ አያጠነክርም፣ እትዬ። ግን ሲከብደኝ አነበንባለሁ፤ መንገዱ ያጥርልኛል። ጠቀመኝ ልበል፣ አልጠቀመኝም ልበል?»

ይህን ወስዳ ለጋሼ ኃይለመለኮት ነገረቻቸው። «ጓንጉል ሲያማርር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት። አልሰማችም። «ዳዊት ነው!»

በመጨረሻ ዳኒን ያዘች። ዳኒ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ሆኖ መኪና ይነዳል፤ ይሄንንስ ዳዊት አልነካውም ብላ ነበር። «ቄስ ትምህርት ቤት? እናቴ ልካኝ በሁለተኛው ቀን ጠፋሁ» አለና ሳቀ። የሻሽወርቅ ድል እንዳደረገ ሰው እየተጣደፈች ተመለሰች።

«ጠፋ አልሽ? በሁለተኛው ቀን?» አሉ ጋሼ ኃይለመለኮት ዓይናቸው እያበራ። «ስለዚህ አንድ ቀን ተምሯል! አየሽ የአንድ ቀኑን ጉልበት?»

ሀብታሙም ደግሟል፣ ተሸካሚውም ደግሟል፤ የጠፋውም ጥሩ ይኖራል። የሻሽወርቅ ነጠላ እያጠፈች አሰበችው፣ ጋቢ እየዘረጋች አሰበችው። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለላት።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ዘመን ሌላ ትምህርት ቤት ከሌለ፣ የተማረው ሁሉ ዳዊት ቢደግም ምን ይደንቃል? ከማን ጋር አወዳድረን ነው የምናውቀው?»

ሊቀ ሊቃውንት ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ለአፍታ የተረቱ መሰሉ። «ይህን የመሰለ ጥያቄ ከመጣልሽ ልጅሽ የኔታ ዘንድ መግባት አለባት ማለት ነው» አሉ። እንዴት ማለት እንደሆነ የሻሽወርቅ አልገባትም። ላከቻት።

ኢየሩስ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር ገባች። ማታ ማታ እየተወዛወዘች በዜማ ስታወርደው የሻሽወርቅ ትርጉሙ ሳይገባት እንባዋ ይመጣ ነበር። ለቤት የሚሆን መጽሐፍ ልግዛላት ብትል ጋሼ ኃይለመለኮት ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እንዳታደርጊው! መጽሐፍ የግል ሲሆን ልጅ ይሰንፋል። ሊቅ የሚወጣው በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ነው። እኛ እንደዚያ ነው የወጣነው!»

ኢየሩስ ሰባት ዓመት ሲሞላት ዳዊት ደገመች። ድፎ ዳቦ ተደፋ፣ ለየኔታ ጋቢ ተሰጠ፤ ጋሼ ኃይለመለኮትም ራሳቸው የወለዱ ያህል «እንኳን ደስ አለዎት» ሲባሉ ዋሉ።

አሁን የቀረው አንደኛ ክፍል ነው። ሳምራዊት ከአውቶቡስ ተራ ከፍ ብሎ የተከፈተ የግል ትምህርት ቤት አገኘች። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ልጅ ተፈትኖ ነው የሚገባው። በፈተናው ቀን ጋሼ ኃይለመለኮት ማንም ሳይጠራቸው ኮታቸውን ለብሰው መጡ። «ምስክር ያስፈልጋል» አሉ።

ፈታኟ ፀደይ የምትባል ወጣት መምህርት ነበረች። ኢየሩስን ከጠረጴዛው ወዲህ አስቀምጣ የአማርኛ መጽሐፍ ሰጠቻት። ልጅቷ መጽሐፉን አየችው፤ ከዚያ እግሩን ወደ ላይ ራሱን ወደ ታች ገልብጣ አስቀመጠችውና እየተወዛወዘች ታንበለብለው ጀመር።

ፀደይ ሳቀች። «ሚጣዬ፣ ቀና አድርጊው እንጂ።»

ኢየሩስ ቀና አደረገችው። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ አንድ አለች፣ ቆመች፤ ሌላ አለች፣ ቆመች። ጆሮዋ ቀላ። መምህርቷ በቃሏ ይዛ ይሆናል ብላ ሌላ መጽሐፍ አመጣች። ልጅቷ ይህንንም ገለበጠችው፤ እንደ ውሃ ወረደላት። ሲቀና እንደገና ተደነቃቀፈች።

«የኔታ ዘንድ የት ነበር የምትቀመጪው?» አለች ፀደይ።

«መጽሐፉ የየኔታ ነው» አለች ኢየሩስ ቀስ ብላ። «ትልልቆቹ ከእሳቸው ጋር ናቸው። እኔ ከማዶ ነኝ።»

ፀደይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ እንጃ» አለች ወደ የሻሽወርቅ ዞራ። «ታነባለች ልበል፣ አታነብም ልበል? ክፍል ውስጥ ሰሌዳው አይገለበጥላትም። ዘንድሮ ብትቆይና ቤት ውስጥ ብትለማመድ ይሻላል።»

ቤት ውስጥ! ከማን ጋር? የሻሽወርቅ ራሷ ሰው ለምና ነው የምታስነብበው። ያን ሁሉ ዓመት የሰማችው ዜማ፣ ያ ዳቦ፣ ያ ሁሉ እንባ ተገልብጦ ታያት። ንዴቷን የምትጥልበት ሰው አጠገቧ ኮት ለብሶ ቆሟል።

«መሠረቱ ዳዊት ነው አላሉኝም? መጽሐፍ እንዳትገዢ አላሉኝም? ይናገሩ እንጂ ጋሼ!»

ጋሼ ኃይለመለኮት መልስ አጥተው አያውቁም። አሁን ግን ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ከኢየሩስ ኋላ ቆመው ጎንበስ አሉና መጽሐፉን መልሰው ገልብጠው በእሷው ዜማ፣ በእሷው ፍጥነት አነበቡት። ከዚያ በገዛ እጃቸው አቀኑት። አንድ ቃል አሉ፣ ቆሙ፤ ሁለተኛውን ጀመሩ፣ ጠፋባቸው። መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ነበር።

«እኔም ከማዶ ነበርኩ» አሉ ለፀደይ። «ትንሽ ነበርኩ፤ ከየኔታ ጎን ቦታ አልነበረም። ማንም አላዞረልኝም። ነገሩ ሲገባኝ ‹ሊቅ› መባል ጀምሬ ነበር፤ አፈርኩና ዝም አልኩ። ይኸው ሸመገልኩ።» ከዚያ እልሃቸው ተመለሰ፤ «መሠረቱስ መሠረት ነው! እኔ ላይ ተገልብጦ ተሠርቶ ነው እንጂ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለእሷ አዙሩላት፣ ልጄ። እሷ ገና ናት።»

ፀደይ ሽማግሌውንና ሕፃኗን ለረጅም ጊዜ ተራ በተራ አየቻቸው። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ትግባ። ከእኔ ጎን ነው የምትቀመጠው።»

ወደ ሸማ ተራ ተመለሱ። የሻሽወርቅ ስለ ጋዜጣው የገባት መንገድ ላይ ነው። ልትቆጣቸው አፏን ከፈተች፤ ኮታቸውን አየች፣ ለኢየሩስ ክብር ብለው ራሳቸው የተኮሱት ኮት ነው፤ ዘጋችው። ለማንም አልተናገረችም። በማግስቱ ጃፋር «ጋሼ፣ የራስዎን አይገዙም?» ሲል ግን ከሱቋ ሆና ጮኸችበት።

«ተዋቸው ጃፋር! የአንድ ሰው ጋዜጣ ለሁለት ሊቅ ይበቃል!»

ጋሼ ኃይለመለኮት ቀና ብለው አላዩዋትም። ጋዜጣውን ማንበብ ብቻ ቀጠሉ፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብለው፣ ጃፋርን ሳይቀድሙት።

ኢየሩስ አሁን ከሁለቱም በኩል ታነባለች። ፀደይ ፈተና ስታርም ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ የክፍሉን ልጅ ሁሉ ውጤት ቀድማ ታውጃለች፤ በዚህም የሻሽወርቅ ተጠርታ ተወቅሳለች። ይህ ከዳዊቱ የተገኘ ጥቅም ይሁን ጉዳት እስካሁን አልለየላትም።

በቀደም ለተብርሃን የምትባል አዲስ ጎረቤት ልጇን አዝላ መጣች። «እትዬ የሻሽወርቅ፣ እስቲ ምከሪኝ። ኬጂ ይሻላል ወይስ ቄስ ትምህርት ቤት?»

«መሠረቱ ዳዊት ነው!» አለ ከማዶ የታወቀው ድምፅ።

የሻሽወርቅ እጇ ላይ ያለውን ነጠላ አጥፋ ጨረሰች። «እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም» አለች። «ወደፈለግሽበት ላኪው። ብቻ ልከሽው አትቅሪ፤ ሄደሽ በየት በኩል እንዳስቀመጡት እዪ።»

የስፌት መኪናው ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ እንደገና ተነሣ።