ቆቧ የረዘመ «ኝ»

ትናንት ከምሳ በኋላ የባዮሎጂው መምህር አስናቀ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ እንቅልፍ ይዞት ሄደና ሕልም አየ። ክርኑ ሥር የሠላሳ ስምንት ተማሪ የፈተና ወረቀት ተቆልሏል። እጁ ውስጥ ደግሞ ከጥያቄ ሳጥኑ የወጣች ብጣሽ ወረቀት አለች። ሳጥኑ ተማሪዎች ስለ አካላቸው ለመጠየቅ ያፈሩትን ነገር ስማቸውን ሳይጽፉ የሚከቱበት ነው፤ እንዲያ ተብለው ነበር እንግዲህ። ብጣሿ እንዲህ ትላለች፦ «ጓደኞቼ ስለ ሴት ልጅ ሲያወሩ እኔ ምንም አይሰማኝም። በሽታ ነው ወይስ እኔ እንዲህ ነኝ?»

ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈለቀ ጠዋት ነው ወረቀቷን ያመጣለት። «የልጆቹን እጅ ጽሑፍ አንተ ታውቀዋለህ» አለው። «የማን እንደሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ንገረኝ፤ ወላጁን እናስጠራለን።»

አስናቀ ሁሉንም ወረቀት አገላበጠ። የብጣሿ «ኝ» አናቷ ላይ ያለው ጭረት፣ ቆቧ፣ ከልክ በላይ ረዝሟል። እንዲህ የሚጽፉ ሦስት ወንዶች አገኘና ወረቀታቸውን ለብቻ አወጣ። ሦስቱም አጻጻፉን የቀዱት ከሰሌዳ ነው፤ ከእሱው ከአስናቀ። ይህን ሲያስብ ነው ዓይኑ የተከደነው።

በሕልሙ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ደምሴ አስቆመው።

«ክርንህን ሸፍን፤ ልጆች ያዩሃል።»

ዞር ብሎ ቢያይ ሰው ሁሉ ክርኑን በነጠላ ጠቅልሏል። «ክርን» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገርም የለም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። አስናቀ እጅጌውን እየጎተተ ክፍል ገባ። አግዳሚው ላይ ተጣበው የተቀመጡት መምህራኑ ናቸው። ሰሌዳው ጋ የቆመችው የዘጠነኛ ክፍሏ በእምነት ናት። ተማሪ መምህሩን አንተ ይለዋል፤ መምህር ተማሪውን እርስዎ ይለዋል።

አቶ ፈለቀ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «እትዬ በእምነት፣ ሕልመ ሌሊት በሽታ ነው እንዴ?»

«አይደለም ልጄ። አካልህ እያደገ ነው። ሌላ?»

«ኮንዶም አጥቦ መድገም ይቻላል ወይ?» አለ ጋሽ ደምሴ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«አይደገምም። ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማን ነው ድገም ያለህ?»

ጋሽ ደምሴ ወደ አቶ ፈለቀ አየ። አቶ ፈለቀ ወደ ኮርኒሱ አየ።

አስናቀ ይህን ሁሉ አላመነም። እንዲህ በለሰለሰ አፍ የሚመልሱት ነገ ሊያሳጡን ነው ብሎ ጠረጠረ። ቢሆንም ለዓመታት የያዘው ጥያቄ አላስቀምጥ አለው። ጎረቤቱ እንዳያየው ወረቀቱን በመዳፉ ከልሎ በግራ እጁ ጻፈና ሳጥኑ ውስጥ ጣለው።

በእምነት ወረቀቱን ገልጣ አነበበች። በመስኮቱ የሚያዩት ተማሪዎች መንሾካሾክ ጀመሩ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ አንዱ።

«መልሱን ተይውና ጸሐፊውን አምጪው» አለ ሌላው።

ክፍሉ የኳስ ሜዳ ሆነ። መምህራኑ እጃቸውን ዘርግተው ተሰለፉ። «ኝ» ከወረቀቷ ላይ ዘላ ወረደችና፣ ቆቧን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ እንደ ፖሊስ ውሻ የእያንዳንዱን ጣት ታሸት ጀመር። አስናቀ ጋ ስትደርስ አሸተተችው። አለፈችው። ቀጥሎ የቆመው ጀማሪው የሒሳብ መምህር ይሁኔ ነው፤ እሱ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«እኔ አይደለሁም» አለ ይሁኔ። «በናታችሁ፣ አባቴ እንዳይሰማ።»

ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ብብቱን ይዘው አነሱት። አስናቀ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በይሁኔ ያልቅ ነበር። ዝም ለማለትም ሞከረ። ፈርቷል። ግን የይሁኔን ፊት አየና አላስቻለውም።

«ተዉት። እኔ ነኝ።»

«ምን አልክ?» አለች በእምነት።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ልጠይቅ ፈልጌ ነው።»

በእምነት አተኩራ አየችው፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «በሽታማ...» ብላ መልሱን ስትጀምር፣ አስናቀ ነቃ።

አቶ ፈለቀ ከራሱ በላይ ቆሟል። ከኋላው ሁለት መምህራን የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ደርቀዋል። ለብቻ የወጡት ሦስት ወረቀቶች ከጠረጴዛው ላይ የሉም። በሩ ጋ ጋሽ ደምሴ፣ ከጎኑም ሦስቱ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል።

«በእንቅልፍዎ ያሉትን እስቲ ይድገሙልኝ፣ መምህር» አለ አቶ ፈለቀ። እስከ ጠዋት ድረስ አንተ ነበር የሚለው።

አቶ ፈለቀ ብጣሿን ከአስናቀ ጣቶች መካከል አላቀቀና ከራሱ ከአስናቀ የውጤት መዝገብ ጎን አስቀምጦ ሁለቱን «ኝ»ዎች እያፈራረቀ አየ። አንድ ዓይነት ሆኑበትና ወደ በሩ ዞረ።

«ሦስቱን ልጆች ወደ ክፍላቸው መልሳቸው።»

ከልጆቹ መሐል የመጨረሻው ከመውጣቱ በፊት ዞሮ አስናቀን አየው። አቶ ፈለቀ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና በሩ እንዲዘጋ አዘዘ።