ሊቀ አየር አርአያና የሲራጅ ጆሮ

ፈጣሪ ሰፈር ሲቆረቁር መጀመሪያ ውሃ ያፈልቃል፤ ቀጥሎ አንድ ሁሉን አዋቂ ያስቀምጣል። አራዳ ውሃው አነሰው እንጂ በአዋቂ አልተበደለም። ክቡር ሊቀ አየር አርአያ ነበረው። ሹመቱም ከሰፈሩ ሥራ ፈቶች የተሰጠ ነው።

የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል ሰው ያማትባል፤ አርአያ ጣቱን ያነሳል።

«አየር ነው ጌታዬ፣ አየር! ደወሉ ሲንቀጠቀጥ ያጠገቡን አየር ይገፋል፤ ያም ቀጣዩን ይገፋል። ገበያ ላይ አንዱ ከኋላ ሲገፋ፣ እሱ ካለበት ሳይነቃነቅ ከፊት ያለችው ሴት የበርበሬ ቁና ውስጥ ትገባ የለ? ጆሮህ ውስጥም ስስ ቆዳ አለች። ግፊያው እሷ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ ትላለህ።»

አንድ ቀን አርአያ አንድ ከበሮ ላይ ጤፍ በትኖ፣ አጠገቡ ያለውን ሌላ ከበሮ ደለቀ። ያልተነካው ከበሮ ላይ ጤፉ ዘለለ።

«አያችሁ!»

«አየን» አለች ሚስቱ ጥሩነሽ። «በል አሁን አየሩ ይልቀመው።»

ይሄን ሁሉ ሳያቋርጥ፣ ራሱን እየነቀነቀ የሚያደምጠው ጎረቤቱ ሲራጅ ብቻ ነበር፤ የአቡጀዲ ነጋዴው። ታዲያ ሲራጅ ጆሮው ከከዳው ከርሟል፤ ለማንም አልተነፈሰም። ያወሩትን ሁሉ «እሺ» ይላል። እሺታው በዝቶ በቅሎውን ባንድ ቀን ለሁለት ሙሽራ አውሶ፣ ሚዜዎቹ ደጁ ላይ ልጓም ሲጓተቱ ውለዋል።

አሁን ግን የገዛ ልጁ ፈቲያ ልትዳር ነው። ኒካህ ላይ አባት «ሰጥቻለሁ» ማለት አለበት። ሼሁ ጠይቀውት ሳይሰማ ዝም ቢል፣ የሙሽራው ወገን ከለከለን ብሎ ብድግ ይላል። ይሄ ሲራጅን እህል አላስቀምስ አለው።

በሠርጉ ጠዋት አርአያ ሲራጅን ከኋላው ጠራው። አልዞረም። ደገመ፤ ወይ ፍንክች! ዞሮ ፊቱ ቆመ።

«አንተ! ጆሮህ ነው እንዴ?»

ሲራጅ ከከንፈሩ ላይ ጥያቄውን ገመተና አቀረቀረ።

አርአያ ያለወትሮው ምንም አላብራራም። ቤቱ ሮጠና ከነፍሱ የሚወደውን፣ ከጅቡቲ በባቡር ያስመጣውን የሸክላ ማጫወቻ ጥሩምባ ፈታ። ጥሩነሽ «አበደላችሁ!» እያለች ተከተለችው። ጠባቡን ጫፍ ሲራጅ ጆሮ ላይ ደቀነ።

«ሰፊው አፉ አየሩን ይሰበስባል፤ በጠባቡ አጥብቆ ያቀብልሃል! ትሰማኛለህ?»

«ምን ያስጮህሃል!» አለ ሲራጅ።

ኒካሁ ላይ ሼሁ ጥሩምባውን አይተው «ሲራጅ፣ አዋጅ ልታስነግር ነው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ሲራጅ ሳቁንም ሰማው፤ እንደ ምርቃት ቆጠረው።

«ልጅህን ፈቲያን ለአብዱልሃኪም ሰጥተሃል?»

«ሰጥቻለሁ!»

ጥሩምባውን እንደ መድፍ ወደ ሙሽራው አዞረ። ልጁ ደንግጦ በሹክሹክታ «ተቀብያለሁ» አለ። ሲራጅ ሹክሹክታውንም ሰማ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ሴቶቹ እልል ሲሉማ ከመቀመጫው ዘለለ።

ከምሳ በኋላ አርአያ ጉሮሮውን ጠረገ። እንግዳው ሁሉ ባንዴ ጫማውን መፈለግ ያዘ። ሲራጅ ግን ተመቻችቶ ተቀመጠና የጥሩምባውን አፍ ወደሱ መለሰ።

«በል ከመጀመሪያው ጀምርልኝ፤ እስከዛሬ አንዲቱንም አልሰማሁ።»