ደስታ ከነማስረጃው

ድሮ ደስታ እንዲሁ ነበር የሚመጣው። ማንም ሳይጠራው ከች ይላል፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ይጫወታል፣ ሲበቃው ተነስቶ ውልቅ ይላል፤ ለምን መጣህ፣ ወዴት ሄድህ ብሎ የሚያፋጥጠው ሰው አልነበረም። ገበሬው ዝናብ በሰዓቱ ሲጥልለት ደስ ይለዋል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ በአጥር የምትጨቃጨቃት ሴት ሰፈር የለቀቀች ዕለት ደስ ብሏት ለሰፈሩ ሁሉ ከርከዴ አፍልታ አጠጥታለች። እንግዲህ ይቺን ሴት መደሰት ማን አስተማራት? ማንም አላስተማራትም፤ አምሮባት ነበር ግን።

አሁን ዘመኑ ሠለጠነና ደስታም ሥልጠና የሚወሰድበት ሙያ ሆኖ አረፈው። ስልካችሁን ስትከፍቱ አንዱ ፀጉሩን የተቀባ ጎረምሳ ብቅ ይልና «ደስተኛ የምትሆኑባቸው ሰባት መንገዶች» ይላችኋል። ሰባቱንም አዳምጣችሁ ስትጨርሱ ሻያችሁ ቀዝቅዟል፣ ሊያጫውታችሁ የመጣውም ሰው ተነስቶ ሄዷል። እኛ አሶሳዎችም ሩቅ አገር ነን ብለን ከዚህ በረከት አልቀረንም። መንገድ ሲበላሽ ሲሚንቶ ይቀርብናል፣ መድኃኒት ይዘገይብናል፤ ሥልጠና ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ ቀርቶብን አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ማንጎው ከየዛፉ ተንዠርግጎ በሚታይበት ሰሞን የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ተሰብስበን አዳራሽ ገባንና ስለ ደስታ ሠለጠንን። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። «የደስታ ምሥጢር ሁለት ነው» አለን። «ሁልጊዜ አዲስ ነገር ተማሩ። ያላችሁባትን ደቂቃ አጣጥሙ።» ይህን እያለ ሰዓቱን ያያል፤ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ነው። ለዕረፍት ማንጎ ቆርጠን በሳህን ብናቀርብለት «ሸሚዜን ያበላሽብኛል» ብሎ ገፋ አደረገና ስለ ማጣጣም የጀመረውን ቀጠለ። ማንጎውን እኛ በላንለት።

ከመካከላችን ትምህርቱን ከልቡ የተቀበለው ጌታነህ ነው። ጌታነህ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ማርቆስ ናቸው። አሶሳ ሲመጣ «ለጥቂት ወር ነው» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ቀን በር የከፈተለት ዘበኛ ጡረታ ወጥቷል፣ በመጣበት ክረምት የተተከለው ዛፍ አፍርቷል፤ ጌታነህ ግን ዛሬም ለጥቂት ወር ነው ያለው። በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፣ በየዓመቱ ይከለከላል። ሻንጣው እንደታሸገ አልጋው ሥር ተቀምጧል። ፍራሹን ከነላስቲኩ ነው የሚተኛበት፤ እንዳይቆሽሽበት መሆኑ ነው፣ ይዞት ሊሄድ! ሲገላበጥ የላስቲኩ መንኮሻኮሽ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል፤ የሚለየን አንድ የቀርከሃ አጥር ነው። በሩ ላይ ያለው የማንጎ ዛፍ ፍሬውን ቆርቆሮው ላይ ሲጥልበት «የዚህ አገር ፍሬ እንኳ ሰው አያስተኛም!» እያለ ያማርራል። ጎንበስ ብሎ አንዱን አንስቶ ሲበላ ግን አይቼው አላውቅም።

እንዲህ ያለው ሰው ከሥልጠናው በኋላ በአንድ ጀምበር ደስታ ፈላጊ ሆነ። ምን ዋጋ አለው፣ የሒሳብ ሰው ነውና ደስታውንም እንደ ወጪ ያዘው፤ ማስረጃ ከሌለው አይወራረድለትም። መጀመሪያ ባሚያ መሥራት ልማር አለ። ድስቱን ጥዶ ራሱን በስልክ ሲቀርጽ ባሚያው አረረ፤ ቀረጻው ግን እንከን አይወጣለትም። ቀጥሎ የበርታ ቋንቋ ልማር አለና ሰላምታውን ያዘ። እዚህ አገር ደግሞ ሰላም ያላችሁት ሰው በተራው የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጠይቃችሁ አይለቃችሁም። ጌታነህ ሰላምታው ሳያልቅ ቢሮ እየረፈደበት ተወው። ሻዩን ፎቶ ሳያነሳ አይጠጣም፤ ፎቶውን ሳይልክ አይጠጣም፤ የወደደለት ሰው እስኪበረክት አይጠጣም። ቀዝቃዛ ሻይ ለምዶ ቀረ፣ ምስኪን።

በዚህ መሀል ነው የጋሽ ኢድሪስ ጉዳይ የመጣው። ጋሽ ኢድሪስ የጌታነህ አከራይ፣ የተከበሩ የበርታ ሽማግሌና የሰፈራችን የዙምባራ ቡድን አለቃ ናቸው። ዙምባራን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ከቅልና ከቀርከሃ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ትልቁ ነገር ግን መለከቱ ሳይሆን አነፋፉ ነው። አንዱ ዙምባራ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አጭሩ ቀጭኗን፣ ረጅሙ ወፍራሟን ይዞ፣ ነፊዎቹ በየተራቸው የየድርሻቸውን ጣል ጣል ሲያደርጉ ነው ዜማው የሚወጣው። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስላል። ከጋሽ ኢድሪስ ቡድን ደግሞ አንዱ ነፊ ወርቅ ልቆፍር ብሎ እንደወጣ ቀረ።

ችግሩ ይህን ያህል ባልከፋ፤ የልጃቸው የሐዋ ሠርግ ደረሰ እንጂ። ሙሽራው የጎረቤት ወረዳ፣ የሆሞሻ ልጅ ነው፤ አጃቢዎቹ በዙምባራ ከኛ ወዲያ ላሳር የሚሉ ናቸው። እነሱ ፊት የጎደለ ዙምባራ ይዞ መቆም ለጋሽ ኢድሪስ ከውርደትም ውርደት ነው። ከዘመድ የሚተካ ጠፍቶ አይመስላችሁ፤ ሞልቷል። ጌታነህ «እኔ ልማር!» ብሎ ዘሎ ሲገባ ግን፣ የመንግሥት ሠራተኛ ተከራያቸው በልጃቸው ሠርግ መሀል ቆሞ ሲነፋ ሰው እንዲያይላቸው አማራቸው። ሽማግሌም ሰው ነው። ቢሆንም ልባቸው አላምን ስላለ ወደኔ ዞሩ። የኔ ወላጆች በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ፣ እሳቸው እጅ ላይ ነው፤ ቃሌን ያምናሉ።

«ዘይነባ፣ ይሄ ሰው ይሆናል?» አሉኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! «ዋሱ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሐዋ ሠርግ በኔም አንገት ላይ ዋለ።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ላይ ጌታነህ ድምፁን ወዲያው አወጣት። «ይቺን ያዝኳት። ሌላውስ?» አለ።

«ሌላው የሌላ ሰው ነው» አሉት ጋሽ ኢድሪስ።

«አይ፣ ማለቴ ሙሉውን ዜማ መቼ ነው የምማረው?»

«ሙሉው የሁላችን ነው። ያንተ ይቺ ናት።»

ጌታነህ ከፋው። ሁለት ዲግሪ ላለው ሰው አንድ ድምፅ! ንቀት አድርጎ ቆጠረው። ቢሆንም ለቀረጻ የሚመች ነገር መሆኑን አስቦ ሳይሆን አይቀርም፣ አልተወውም፤ ማታ ማታ ዙምባራውን ቤቱ እያስገባ ለብቻው ይለማመድ ጀመር። «ቡ» ይላል። ዝም ይላል። «ቡ» ይላል። ዜማ የሌላትን አንዲት «ቡ» ምሽቱን ሙሉ መስማት ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝ። ከቡድኑ ጋር ሲሆን ደግሞ ሌሎቹ ሲነፉ አይሰማም፤ ሐሳቡ ሁሉ የራሱ ተራ ላይ ነውና ይቸኩልና ሳይደርስ ይለቀዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ቢሉት ማን ሰምቶ! ጋሽ ኢድሪስ አንድ ቀን አጥሬን ተደግፈው «ወላሂ ሰውየው ጥሩ ነው» አሉኝ። «ትንፋሽ አለው። ጆሮ የለውም። ሆሞሻዎች ይስቁብኛል።»

«አብሽሩ ጋሼ» አልኳቸው። ከወሎዬዋ እናቴ የወረስኩት ትልቁ ሀብት አብሽር ማለት ነው።

የሠርጉ ቀን ጌታነህ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መጣና ስልኩን እጄ ላይ አኖረ።

«ዘይነብዬ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅረጪኝ። ለማርቆስ እልካለሁ፣ ለቢሮው ቴሌግራም እልካለሁ፣ ለአሠልጣኙም እልካለሁ።»

«አንተ ብቻ ተራህን ጠብቅልኝ፤ ዋስህ ነኝ» አልኩት።

«እሱን ተይው። ፊቴን አደራ!»

ነፊዎቹ ክብ ሠርተው ቆሙ። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ያዙ፣ የሆሞሻ ሰዎች ፊት ለፊት ተደረደሩ። ጋሽ ኢድሪስ የራሳቸውን ድምፅ ጣል አደረጉና ዜማው ተነሳ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ ዞረ፣ ዞረና ጌታነህ ጋ ሲደርስ ዝም። ጌታነህ ዙምባራውን ከአፉ አውርዶ ወደ ስልኩ ፈገግ ብሏል። ጥርሱ ተቆጥሮ ያልቃል! ተራው ማለፉ ሲገባው ደንግጦ ያለቦታው «ቡ!» አለ። ከሆሞሻዎቹ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሐዋ ከደጃፉ ሆና ሻርቧን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ጋሽ ኢድሪስ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ጌታነህን አይደለም፣ ዋሱን። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ምን ላድርግ? ስልኩን እንዳለ ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ዚፑን ዘጋሁት። ጌታነህ ዞር ብሎ ካሜራውን ሲፈልግ ባዶ እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። በዓይኑ ለመነኝ። በዓይኔ ሰደብኩት። የሚያየው ነገር ሲያጣ፣ መቼስ ምን ይሁን፣ ጎኑ የቆመውን ሰው ሰማ። እሱን ከሰማ በኋላ ከሱ ወዲያ ያለውን ሰማ። ዜማው ዞሮ መጣና ጌታነህ «ቡ» አለ፤ በቦታዋ ቁጭ። ደግሞ ዞረ፤ ደግሞ ቁጭ። የሆሞሻዎቹ ሳቅ ጠፋ፤ ቆይቶ ትከሻቸው ይነቃነቅ ጀመር፣ አንዱ ሽማግሌያቸው በትሩን ከፍ አድርጎ ክቡ ውስጥ ገባ። ጋሽ ኢድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነፋሉ። ሐዋ ሻርቧን መልሳ ገለጠችው። እኔም የዋስትናው ሸክም ሲወርድልኝ ከሴቶቹ ጋር ገብቼ እግሬ እስኪዝል ዞርኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ፤ ቦርሳም፣ ስልክም፣ ጌታነህም ከሐሳቤ ወጡ።

ጨዋታው ሲበርድ ጌታነህን በሩ ላይ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። የወደቀ ማንጎ አንስቶ ልጣጩን በጥርሱ እየገሸለጠ ይበላል። ጭማቂው በክርኑ ወርዶ አዲሱን ጀለቢያ ቢጫ አድርጎታል። ጋሽ ኢድሪስም ጎኑ ተቀምጠው ይበላሉ። ሁለቱም ላባቸው ገና አልደረቀም፤ ሲያዩዋቸው ደስ ይሉ ነበር። ምነው ዝም ብዬ ባለፍኩ! ገና ሲያየኝ ነገሩ ትዝ አለው።

«ቪዲዮውስ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ሲከፍተው መጀመሪያ ፊቱ አለ፣ ፈገግታው አለ፣ ያቺ ያመለጠችው ተራ አለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቦርሳዬ ጨለማ ነው።

«ገደልሽኝ!» ብሎ ጮኸ። «በሕይወቴ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አሁን ደስ ብሎኝ እንደነበር በምን አስረዳለሁ?»

«ድምፁ'ኮ አለ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጠ። መልሶ አዳመጠ። «የኔ የቱ ነው? አይሰማኝም'ኮ!»

«የጎደለ ነገር ይሰማሃል?»

ለሦስተኛ ጊዜ አዳመጠ። «አይሰማኝም» አለ።

«እንግዲያው አለህበት» አልኩት።

ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ያንን ጨለማ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ማንጎውን እጁ ላይ እንደያዘ ነበር። ያም ሆኖ ጌታነህ ጌታነህ ነውና፣ በማግስቱ የሚታየውን ቁራጭ ቆርጦ፣ ድምፁን ዘግቶ፣ «ደቂቃዋን ሳጣጥም» ብሎ ለሁሉም ላከው። ሰው ሁሉ ወደደለት፤ አሠልጣኙ ከሁሉም አብልጦ ወደደለት።

ወርቅ ቆፋሪው እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ዙምባራውም እዚያው ጌታነህ ጋ ቀረ። ዝውውር ዘንድሮም ጠይቋል፣ አይቀርም። ግን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ አሁን አሁን ሲገላበጥ የላስቲክ ድምፅ አይሰማኝም።

ማንጎው ደግሞ ሲደርስ ሥልጠናው ተመልሶ መጣ። ያው አሠልጣኝ፣ ሌላ ነጭ ሸሚዝ። መጋረጃውን አስዘግቶ ግድግዳው ላይ ቪዲዮ አበራ። ብናይ ጌታነህ ነው! ዙምባራው ከአፉ ወርዷል፣ ጥርሱ ይታያል፣ የጋሽ ኢድሪስ ፊት ከጀርባው ሲጠቁር ይታያል። «ይህን ሰው ልብ ብላችሁ ተመልከቱ!» አለ አሠልጣኙ። «አዲስ ነገር ተምሮ ደቂቃዋን ያጣጣመ ሰው ይህን ይመስላል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ከመካከላችሁ ነው አሉኝ፤ እስቲ ይነሳልን!»

ሁላችንም ዞርን። ወንበሩ ባዶ ነው። ጭብጨባው ሲበርድ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከወደ ሰፈራችን፣ ዙምባራ ይሰማል፤ የልምምድ ቀናቸው ነው። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። የጎደለ አልነበረም።

ጌታነህ ከደስታ ሥልጠና ያለ ፈቃድ በመቅረቱ በማግስቱ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። እኔን ማንም ምንም አላለኝም፤ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ስለ ደስታ ተምሬ፣ አጨብጭቤ፣ አበሌን ፈርሜ ወጥቻለሁ።