ከአንገቴ የወረደው ንቅሳት

በልጄ በየትናየት የመልስ ቀን፣ የውበት ሳሎን ወንበር ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ሕልም አየሁ። ያለወትሮዬ ሳሎን የገባሁት፣ የትናየት «እማዬ፣ ፎቶ ላይ ይታያልና የአንገትሽን ንቅሳት በሜካፕ እናስሸፍነው» ብላ ስለለመነችኝ ነው። ንቅሳቱን በልጅነቴ ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት። እሷ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ከእሷ የቀረኝም እሱ ብቻ ነው። ሆዴ እያለቀሰ እሺ አልኳት። ለልጅ ምን ይከለከላል?

በሕልሜ አንድ ንቅሳት ቤት ገባሁ። ወረፋ የያዙት ሰዎች አልነበሩም፤ ንቅሳቶች ነበሩ። መስቀሉ፣ ማበጠሪያው፣ የአንገት ጌጥ የሚመስለው ድሪው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደርድረው የሰው ፎቶ የሞላበት አልበም ያገላብጣሉ።

«ይቺ አንገቷ አጭር ነው፤ አትመቸኝም» ይላል ድሪው።

«እኔ ግንባር ላይ እንጂ ባት ላይ አልወጣም!» ብላ አንዲት ትንሽ መስቀል ታለቅሳለች።

በመስኮት ወደ ውጭ ባይ፣ ንቅሳት ያልወጣለት አንገተ ባዶ ሕዝብ በሻርፕ ተሸፋፍኖ ጥግ ጥጉን ይሄዳል። አንድ ባለ ከረባት ሚኒስትር የባንክ ጥበቃ ይለማመጣል።

«ጌታዬ፣ ባዶ አንገት አይገባም» አለው ጥበቃው።

«እባክህ ወንድሜ፣ አንዲት ነጥብ ጥላሸት እንኳ ስጠኝ!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩ።

ነቃሿ ጃርት ናት። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ «ተረኛ!» ስትል፣ የኔው ንቅሳት ከአንገቴ ሸርተት ብሎ ወረደና ወንበሩ ላይ ጉብ አለ።

«ይህችን ሴትዮ ሸፍኚልኝ» አላት።

«ምን አደረገችህ?»

«አፈረችብኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጃርቷ ግን እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። «መጀመሪያ አንተን ልወቅህ፤ እስቲ ተዘርጋ» አለችው።

ተዘረጋ። ግድግዳውን ሞላ፤ ጣሪያውን አልፎ ሰማዩን ያዘ። መስመሩ የታረሰ ማሳ ሆነ፤ ነጠብጣቡ ኮከብ ሆነ። በየመስመሩ ሴቶች አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሄዳሉ፤ ማለቂያ የላቸውም። ከፊት ያለችው እናቴ ናት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ግርማ አይቼ አላውቅም። ተንበረከክኩ። ይህን ሁሉ ነው ለካ ተሸክሜ ስዞር የኖርኩት!

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ «እንዲመለስልኝ ንገሪው!»

እናቴ ዞር አለች። «እስቲ መጀመሪያ ቀና በይ» አለችኝ።

ቀና አልኩ። አንድ ቀዝቃዛ ነገር አንገቴን ሲነካኝ፣ ተመለሰልኝ ብዬ በደስታ ዓይኔን ገለጥኩ።

የሜካፕ ሠራተኛዋ ብሩሽ ነበር። «ጨረስኩ እማማ! ምልክቱም የለ» አለችኝ። በመስታወት አየሁት፤ አንገቴ የተላጠ እንቁላል መስሏል። እንባዬ መጣ።

ይሄኔ የትናየት በሐበሻ ቀሚስ አሸብርቃ ከወዲያኛው ክፍል ወጣች። አንገቷ ላይ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ኩል የተሳለ ንቅሳት አለ።

«እማዬ፣ እንዴት ነው? መልስ ያለ ንቅሳት አይደምቅም አሉኝ። አንቺ ተኝተሽ፣ ገና ሳይሸፈን፣ ሠራተኛዋ ያንቺን እያየች ነው የሳለችልኝ።»

አንገቷን ትክ ብዬ ሳየው የተቆጣሁ መሰላት።

«አይዞሽ፣ አታስቢ» አለችኝ፤ «ማታ በሳሙና ይለቃል።»