ወይዘሮ ሙልጭና ነጩ ሻጋታ

በየዘመዱ መሀል ቂጡ ከወንበር ጋር የማይስማማ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት ይህ ሹመት የታላቅ እህቴ ነው። ሰፈርተኛው “ክብርት ወይዘሮ ሙልጭ” ይላታል፤ ያላጠበችው ነገር የለማ።

ሥራዋ የሐር ትል ማርባት ነው። ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ፣ መደርደሪያ ሙሉ ትል የጉሎ ቅጠል ሲቆረጥም ዝናብ የሚያካፋ ይመስላል። እዚያ ለመግባት ጫማ ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል፣ ኖራ ይረገጣል። የመብራት ቆጣሪው እዚያው ግድግዳ ላይ ስለሆነ አንባቢው በየወሩ ባዶ እግሩን ይገባል። እስክሪብቶውን ሳይቀር ትወለውልለታለች።

ሰሞኑን ባሏን ጉንፋን ቢይዘው በረንዳ ላይ አስተኛችው።

“ሰውየው ከትል አነሰ እንዴ፣ እትዬ?” ብላት፣

“ትል አያስልም” አለችኝ።

የምትፈራው ሻጋታ ነው። ሳይንሱን እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ይሄ ሻጋታ እንደ ዱቄት ብን ብሎ ትሉ ቆዳ ላይ ያርፋል። መበላት አያስፈልገውም፤ ቆዳውን በስቶ ይገባል፣ ውስጡን ይጨርሳል፣ ትሉም እንደ ጠመኔ ነጭና ደረቅ ይሆናል። ከሬሳው ደግሞ ሌላ ዱቄት ይነሳና ጎረቤት ሊጠይቅ ይሄዳል። እርጥበት ካገኘማ አለቀ። አምና ክፍሉን በሙሉ ጨርሶባታል። “ዘንድሮም ከገባ በሩን ቆልፌ አርፌ እቀመጣለሁ” ስትል እኔና ባሏ ተያየን። አርፋ ስትቀመጥ ለማየት ያልተመኘንበት ቀን የለም።

ዘንድሮ ትሎቹ ሐራቸውን ሊፈትሉ ጥቂት ሲቀራቸው ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ቅጠሉን በፎጣ ታደርቃለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ መልሳ ትከፍታለች። የምትበላው በቁሟ ነው። ትላንት ጠዋት ከታችኛው ትሪ ላይ አንድ ነጭ ትል አገኘች። በመቆንጠጫ አነሳችው፤ አልታጠፈም።

የዚያን ትሪ ትሎች እንዳሉ አውጥታ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ከዚያ በሩ ላይ ዱካ ስባ ተቀመጠች።

ተቀመጠች ስላችሁ፣ ቁልፉን ይዛ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። ባሏ ሳሉን ዋጠ። “አይዞሽ፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው እኮ” ቢላትም ከዱካዋ አልተነሳችም። የተመኘነው መቀመጥ ይሄ አልነበረም።

ምን ላድርግ? በጭቃ ጫማዬ መጣሁና አንድ እግሬን ከደፉ አሻግሬ አየር ላይ ያዝኩት።

“አንተ፣ እግርህን መልስ” አለች፣ እንደተቀመጠች።

“ልትቆልፊው አይደል? ምን ለውጥ አለው?” አልኩና ትንሽ ዝቅ አደረግኩት።

ተነሳች። መጥረጊያው ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ጀርባዬን ግን አልሳተውም።

“ዐይን የለህም? ገና በሕይወት አሉ እኮ።”

ባሏ ሊስቅ ሲል ሳሉ አመለጠው።

የቀሩት ይትረፉ አይትረፉ እስካሁን አልታወቀም። ዝናቡም አላባራም። እኔን ይኸው ኖራ ታስነፋኛለች። ይቺን ላወራችሁ ትንሽ ቁጭ ብዬ ነበር፤ አየችኝ።