ሻምበል ይርጋ ወንዝ ሲሻገሩ

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። አባባሉን ያወጣው ፈሪው ይሁን እናትየዋ እስካሁን አልደረስኩበትም። እኛ ሰዎች ጀግና ሲሉን ደረታችን ይነፋል፤ ፈሪ ከሚሉን ደግሞ ቢገድሉን እንመርጣለን፤ ይህም ራሱ ስድብን መፍራት መሆኑን ልብ የሚል የለም። እናንተ የማትፈሩ ከሆነ እሰየው። እኔ እፈራለሁ። እባብ እፈራለሁ፣ ስብሰባ እፈራለሁ፤ በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ ስብሰባ ላይ ሳያጨበጭቡ መገኘትን ከእባቡም አብልጬ እፈራ ነበር።

ለዚህ ነው ሻምበል ይርጋ ቴፒ አጠገብ ወዳለው የመንግሥት ቡና እርሻችን ሲመጡ ከሩቅ ማየትን የመረጥኩት። እኔ ንብረት ክፍል ተቀምጬ ሚስማርና ሲሚንቶ የማድል ሰው ነኝ። እሳቸው በሶማሌው ጦርነት ተዋጊ ጀት ያበረሩ፣ ጆሯቸው ተጎድቶ ከበረራ ሲታገዱ ምህንድስና ተምረው የመጡ ናቸው። ሰማይ ሲያርስ የኖረ ሰው እኔን ሲሚንቶ ሲለምን ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። ምንም አይሰማቸውም፤ በተለይ በግራ ጆሯቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሸኮ በሚመጣው መንገድ ላይ የነበረው የእንጨት ድልድይ ባለፈው ክረምት ከነካሚዮኑ ተደርምሶ አንድ ሹፌር በልቶ ነበር። ሻምበል በቦታው አዲስ ሠሩ። በየማለዳው አውሮፕላን ሊያስነሳ እንደሚፈትሽ ሰው ድልድዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞሩና ብሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ በእጃቸው ይነካሉ። የቀን ሠራተኞቹ «ሻምበል ድልድዩን እንዴት አደርክ ሊሉት መጡ» እያሉ ይስቁ ነበር።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ። ካድሬው ንግግሩን ይዞ በወዲህ ማዶ ቆሟል። በወዲያ ማዶ፣ እኔና ሻምበል ባለንበት በኩል፣ ድልድዩን መጀመሪያ የሚሻገረው፣ እኔ ያስጫንኩት እሸት ቡና እስከ አፉ የሞላ ካሚዮን ቆሟል። እሸት ቡና በዕለቱ ወዲህ ማዶ ካለው መፈልፈያ ካልደረሰ ይበላሻል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የተበላሸ ነገር ስሙ ብልሽት አልነበረም፣ «አሻጥር» ነበር። አሻጥር ካለ አሻጥረኛ ይፈለጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከመሐንዲሱ የሚቀርብ ሰው የለም። ሻምበል የሁለት ልጆች አባት ናቸው፤ ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ሹፌሩ ጳውሎስ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። የሚዛን ተፈሪ ልጅ ነው፣ ቤንች፣ ረጋ ያለ ጴንጤ። ወንዙ የበላው ሹፌር የልብ ጓደኛው ነበር።

«ሻምበል፣ ይቅርታ። እኔ አልሻገርም» አለ። «ጀት ያበረሩ እርስዎ ነዎት። ይቺ ካሚዮን ለእርስዎ ምንድን ናት? ይንዷት።»

ሻምበል እጄን ይዘው ከካሚዮኑ ኋላ ወሰዱኝ። «መኪና መንዳት አልችልም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከትምህርት ቤት በቀጥታ አውሮፕላን ላይ ነው የወጣሁት። አደራህን፣ ለማንም እንዳትናገር።»

እስቲ አስቡት! ከድምፅ ቀድሞ የበረረ ሰው የካሚዮን መሪ ጨብጦ አያውቅም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ተመልሰው «እንዲያ ከሆነ እኔ ከድልድዩ ሥር እቀመጣለሁ፤ አንተ በላዬ እለፍ። ከወደቀ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ» አሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው ወደ ወንዙ ወረዱ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔማ እንባዬ መጣ። ጳውሎስ ግን ወደ ታች አየና ጭራሽ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

«ቅድም የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው ልግደል? በሰው አናት ላይ አልነዳም! ጌታ አይወደውም። ይውጡ!»

ጀግንነት እንዲህ መላ ሲያሳጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ካድሬው ከማዶ ሰዓቱን ያያል፤ ቡናው ፀሐይ ላይ ይቁላላል።

ሻምበል እስከ ጉልበታቸው ርሰው ወጡና ከጳውሎስ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ጳውሎስ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔም እፈራለሁ» አሉት። «ከላይ ሆኜ ስዋጋ ሰው አይታየኝም ነበር። ከወረድኩ ወዲህ ግን የሚታየኝ ሰው ብቻ ነው። ይህን ድልድይ ስሠራ በሐሳቤ የሚሻገረው ሁልጊዜ አንተ ነበርክ። ጓደኛህን የበላ ወንዝ መሆኑን አውቃለሁ። ብሎኑን እየዞርኩ የምነካውም ለዚህ ነው።»

ጳውሎስ አያቸው። በብሎን ቅባት የጠቆሩ እጆቻቸውንም አየ። ያን ጊዜ ሻምበልን ወደድኳቸው፤ ከሩቅ ስሸሻቸው የኖርኩባቸው ወራት አሳዘኑኝ።

«እንግዲያው ጋቢና ይግቡ» አለ ጳውሎስ ተነሥቶ። «አብረን እንፈራለን።»

ገቡ። ጳውሎስ በቤንችኛ አጭር ጸሎት ጸለየ። በዚያ ዘመን የጴንጤ ጸሎት ሰው ያሳስር ስለነበር እኔ እስኪጨርስ ድረስ ጮክ ብዬ ሳልኩ። ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ። መሀል ላይ ሲደርስ ድልድዩ አንዴ ቋ አለ፤ የእኔም ልብ አብሮ ቋ አለ። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ተሻገሩ።

እኔም በእግሬ ተከትዬ ስደርስ ካድሬው ንግግሩን ጀምሯል። «ፍርሃት የሚባል ነገር በደሙ የሌለ ጀግናችን!» ይላል። ሻምበል አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ። ጳውሎስ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና የቀኝ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ ደም የቋጠሩ አምስት የጥፍር ምልክቶች ነበሩ።

«መሀል ላይ ሲደርሱ ነው የጨበጡኝ» አለኝ እየሳቀ። «እንዲህ የሚፈራ ሰው የሠራው ድልድይ አይወድቅም። ነገ ሚስቴንና ልጆቼን አሳፍሬ እሻገራለሁ።»