አክተር አይሞትም

የሰው ልጅ ሁሉን ይችላል፤ ክፍል ሁለትን መጠበቅ ግን አይችልም። እኛ የመርሳ ከተማ ሰዎች በጦርነቱ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ቻልን፣ ስልክ ሲቋረጥ ቻልን፣ መድፉን እንኳ ለምደነው «ይሄ ወደ ወልድያ ነው፣ ያኛው ወደ ግራና ከተማ» እያልን ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው እናወራበት ነበር። የፊልሙን ሰላይ ከሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ በአንድ እጁ አንጠልጥለው «ይቀጥላል» ብለውን የሄዱትን ፈረንጆች ግን ይቅር ማለት አቃተን። ምን ዓይነት ጨካኝ ነው የሰው ልጅ አንጠልጥሎ የሚሄደው?

ይህን ያህል የሚያንገበግበኝ ወድጄ አይደለም፤ የቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። አስተርጓሚ ማለት ማይክ ጨብጦ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፈረንጁ ያለውን በአማርኛ፣ ያላለውን ደግሞ በተሻለ አማርኛ የሚናገር ሰው ነው። እንግሊዝኛህስ እንዴት ነው ትሉኝ ይሆናል። አልሐምዱሊላህ፣ ለአክሽን ፊልም ይበቃል። ጥይት መቼ ትርጉም ፈልጎ ያውቃል?

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ቪዲዮ ቤት ረግጠው አያውቁም። ፊልሙን የነገራቸው አንድ ልጃቸው ሁሴን ነው። ሁሴን ከጓደኞቹ ጋር ዘመተና ወሬው ጠፋ። አንድ ቀን ታዲያ እትዬ ዘይነባ ጠሩኝና «ሰይድ ልጄ፣ ያ ሁሴን የነገረኝ ተንጠልጥሎ የቀረው ሰውዬ ምን ደረሰ?» አሉኝ። ክፍል ሁለትን እኔም አላየሁትም። ግን እናት ስትጠይቅ አላውቅም ይባላል እንዴ? ከሆዴ እያወጣሁ መተረክ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲያ ከዐስር ሶላት በኋላ መንደሩ ሁሉ እሳቸው ግቢ ይሰበሰባል፤ እኔም ሰላዩን ሳዋጋው አመሻለሁ። አንድ ቀን ወሬውን ላጣፍጠው ብዬ በጥይት መትቼ ጣልኩት። የእትዬ ዘይነባ ፊት አመድ መሰለ። ደንግጬ የቪዲዮ ቤታችንን ሕግ ጠቀስኩላቸው፦ «ምን ነካዎት እትዬ፣ አክተር እኮ አይሞትም!» እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። አሚን ያሉት ለማን እንደሆነ ገባኝ፤ ሰላዩንም ወዲያው ከወደቀበት አስነሳሁት።

በኋላ ከተማዋን ይዘው የነበሩት ተዋጊዎች ለቀው ወጡ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ ክፍል ሁለት በፍላሽ ከወልድያ መጣ። እትዬ ዘይነባ «እኔ ግቢ ይታይ፤ ሁሴን ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ» ብለው ለመኑን። ቴሌቪዥኑን ወሰድን፣ ጀነሬተር ተከልን፣ መንደሩም ተጠራ።

በዚያው ቀን ጠዋት የሁሴን ጓደኛ በሲሪንቃ በኩል በእግሩ ደረሰ። ሁሴን የለም። ጓደኞቹ ከወደቀበት ቀብረውት መጥተዋል።

እኛ አገር መርዶ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ በወጉ ይነገራል። እስከዚያ እንባ በሆድ ነው። ፊልሙን እናስቀር እንዳንል፣ ማስቀረቱ ራሱ መናገር ነው። ስለዚህ ሁላችንም ፊታችንን ታጥበን፣ ጥርሳችንን አሳይተን መጣን። ምስጢር መጠበቅ ለሰላይ ብቻ የተሰጠ ይመስላችኋል? መርሳን ያላየ!

ፊልሙ ተጀመረ። ወይ ገንዘብ! መኪናው ይበራል፣ ድልድዩ ይፈርሳል፣ መርከቡ ይነድዳል። ያን ሁሉ ሀብት ግን የሚያየው አልነበረም፤ የሁላችንም ዓይን በስርቆሽ እትዬ ዘይነባ ላይ ነው። ልክ መጨረሻው ላይ እነዚያ ፈረንጆች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አክተሩን ገደሉት! ዝናብ ይዘንባል፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቆመዋል፣ መሐል ላይ ሳጥን፣ ከሳጥኑ አጠገብ አሮጊት እናቱ። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«ሰላዩ በድብቅ ወደ ሌላ አገር ተሻግሯል» አልኩ። «ሳጥኑ ውስጥ ያለው መሣሪያው ነው። እናቱም የምታለቅሰው ከደስታ ብዛት ነው፤ ልጇ ተሹሞላት!» ሌላ ጊዜ ቢሆን በፉጨት ያባርሩኝ ነበር። ያን ቀን አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ከኋላ አንዱን ሲቃ ሲያመልጠው እኔ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ፣ እንደዚያም አዝኜ አላውቅም።

ሰው አንድ ባንድ እየተሰናበተ ወጣ። ገመዱን ስጠቀልል እትዬ ዘይነባ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

«በደንብ ተረጎምክ፣ አላህ ይስጥህ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ስንት የክርስቲያን ጎረቤት ቀብሬ ያን ሳጥን ሳላውቀው እቀራለሁ?»

ፊልም እኮ ነው ብዬ ላስተባብል አፌን ስከፍት አላስጨረሱኝም። «በየቀኑ ሁሴን ደወለ ወይ፣ ሰው ላከ ወይ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሁሴን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ማይኩን ጭኔ ላይ አጋደምኩት። እሳቸው ግን ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ፤ ወደ በሩ ግራና ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ነገ ሲነጋ ስትመጡ እንዳልሰማ ሆኜ እቀበላችኋለሁ» አሉኝ። «አደራህን፣ ማወቄን ለማንም እንዳትናገር። ሰዉ እኔን ለመደበቅ ስንት ደክሟል።»